መልስ፦ የስህተት መልእክቱ ከየትኛው ምንጭ ኮድ እንደወጣ ማወቅ

ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና በሚሠራው ኮምፒውተርዎ ላይ የወጣው የስህተት መልእክት የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ በጉግል ፈልገው እንዳጡት ጽፈዋል። አይገርምም። ተራ የድረ ገጽ መፈለጊያ ቅንፍና ነጥብን ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል፤ በምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮች በሚጽፉት የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ውስጥ ግን ትርጉም ያላቸው እነርሱ ናቸው።

መጀመሪያ መልእክቱን ይቁረጡት። የፋይል ስምና ቁጥር ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚሞላቸው ናቸው፤ በኮዱ ላይ በቦታቸው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የፐርሰንት ምልክትና አንድ ፊደል ነው። ይህን ሳላውቅ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እየለጠፍኩ አንድ ምሽት ሙሉ አባክኛለሁ። የማይለወጡትን ሦስት ወይም አራት ቃላት ብቻ ይያዙ። መልእክቱ በአማርኛ ከመጣልዎ ደግሞ የሚገኘው በትርጉም ፋይሉ ውስጥ ነው፤ የእንግሊዝኛው አቻ ከበላዩ ተጽፏል።

ከዚያ ዴቢያን ኮድ ሰርች ወደተባለው የኮድ መፈለጊያ ድረ ገጽ ይሂዱ። የዴቢያን ፓኬጆችን (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን) ምንጭ ኮድ በአንድ ጊዜ ይፈትሻል። ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል ከፋፍሎ ማውጫ ስለሚያዘጋጅ፣ በፍለጋዎ ውስጥ ያሉትን ባለሦስት ፊደል ቅንጣቶች በሙሉ የያዙ ፋይሎችን ብቻ ከፍቶ ያነባል። በ2006 የተከፈተው የጉግል ኮድ መፈለጊያም በዚሁ ዘዴ ይሠራ ነበር፤ መፈለጊያውን የሠራው ፕሮግራመር ራስ ኮክስ (Russ Cox) አሠራሩን በ2012 በዝርዝር ጽፎታል።

ፕሮጀክቱን ካወቁ በኋላ ኮዱን የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት አውርደው በውስጡ ጽሑፍ የሚፈልገውን ጊት ግሬፕ (git grep) የተባለ ትእዛዝ ይጠቀሙ። የለውጦችን ታሪክ በሚያሳየው በጊት ሎግ (git log) ላይ ትልቁን ኤስ (-S) አማራጭና የሚፈልጉትን ጽሑፍ ቢጨምሩ ደግሞ ያ ጽሑፍ መቼ እንደገባና እንደወጣ ያሳይዎታል። የለውጡን ማስታወሻ ሳያነቡ አይለፉ፤ ከመመሪያው ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።