ድምፁ የሚቆራረጠው ሰርቨሩ ስለወደቀ አይደለም

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦

«ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ በአይቲ እሠራለሁ። 18 የአይፒ ስልክ አለን። ፒቢኤክሳችን (የቢሮውን ጥሪ የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ፍሪፒቢኤክስ ሲሆን ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ጋር አንድ ሰርቨር ላይ በቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ይሠራል። ይኸው ሁለት ወር ሆነን፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢና ከምሳ በኋላ ድምፅ ይቆራረጣል። ደንበኞች "አይሰማም፣ አይሰማም" እያሉ ይዘጉብናል። አልፎ አልፎ ደግሞ እኛ እንሰማቸዋለን፣ እነሱ ጭራሽ አይሰሙንም። አለቃዬ አንድ አቅራቢ አስጠራ። ሰውየው "ሁለት አዲስ ሰርቨር ገዝታችሁ ሃይ አቬይለቢሊቲ ክላስተር አድርጉት፣ ሁሉም ይስተካከላል" አለ። አሁን እኔ ከቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ሶፍትዌሮች ቪኤምዌር ይሻላል ወይስ ፕሮክስሞክስ የሚለውን እንድመልስ ታዝዣለሁ። ምን ልበል?»

ወንድሜ፣ ለአለቃህ መጀመሪያ የምትለው «ገና ምንም አንግዛ» ነው። ክላስተር፣ ማለትም አንድ ላይ የተያያዙ ሰርቨሮች፣ የሞተ ሰርቨርን ሥራ በሌላው ላይ ያስነሳል። የእናንተ ግን አልሞተም። ደንበኛው «አይሰማም» ሲል ፒቢኤክሱ ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው፣ ጥሪውም አልተቋረጠም። በዚህ ሁኔታ ክላስተሩ የሚያደርገው ነገር የለም። ሁለት ሰርቨር ገዝታችሁ በማግስቱ 4 ሰዓት ላይ ያው መቆራረጥ ከች ይላል።

ስለዚህ ከድምፁ እንጀምር። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ስልክ የሚበዛባት ልጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ድምፅ በተበላሸ ቁጥር ሦስት ነገር ትጻፍ፦ ሰዓቱን፣ ማን እንዳልሰማ፣ ጥሪው ከውጭ ይሁን ከቢሮ ቢሮ። ሁለተኛው ነገር ወርቅ ነው። ድምፅ በሁለት መንገድ ነው የሚሄደው፤ የእናንተ ወደ እነሱ፣ የእነሱ ወደ እናንተ። የተቸገረው ደንበኛው ብቻ ከሆነ የታመመው ከእናንተ የሚወጣው መንገድ፣ ማለትም አፕሎዳችሁ ነው። በደብዳቤህ «አይሰማም» የሚሉት ደንበኞች ናቸው ብለሃል። እኔ ከአሁኑ አፕሎዱን ጠርጥሬያለሁ።

ቀጥሎ፣ መቆራረጡ በተጀመረበት ሰዓት ከአንዱ ጠረጴዛ *43 ደውል። ፍሪፒቢኤክስ የራስህን ድምፅ መልሶ ያሰማሃል። ይሄ ጥሪ ኢንተርኔት አይነካም። ከስልኩ በኬብልና በስዊች አድርጎ ሰርቨሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ድምፅህ ጥርት ብሎ ከተመለሰ ስልኩም፣ ስዊቹም፣ ሰርቨሩም ነፃ ናቸው። ከተቆራረጠ ግን ኢንተርኔቱን ተወውና ቤትህን ፈትሽ።

ሦስተኛ፣ ላፕቶፕህን በኬብል ሰክተህ (በዋይፋይ አይደለም) ሁለት ፒንግ (መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚያሳይ ትእዛዝ) ክፈትና እንዲሁ ተዋቸው። አንዱ ወደ ራውተራችሁ፣ ሌላው ወደ ስልክ አቅራቢያችሁ ሰርቨር ወይም ከራውተሩ ቀጥሎ ወዳለው የውጭ አድራሻ።

እዚህ ላይ አንድ ያፈርኩበትን ታሪክ ልንገርህ። ጥር ነበር። አንድ ቢሮ «ሰኞ ሰኞ ስልካችን ያብዳል» ብሎ ጠራኝ። ስዊች ቀየርኩ። ኬብል ቀየርኩ። የሁለት ሰኞ ገንዘባቸውን በላሁ። በሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ፒንጉን ከፍቼ ሻይ ይዤ ቁጭ አልኩ። ወደ ውጭ 12 ሚሊሰከንድ፣ 12፣ 13። ሠራተኛው መግባት ሲጀምር፣ 2፡40 ገደማ፣ 60 ሆነ። ከዚያ 300። ከዚያ 900። ወደ ራውተሩ ያለው ግን አሁንም ከ1 አልበለጠም። የስዊቹን ኬብሎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የዋይፋዩን ስነቅል ፒንጉ ያኔውኑ ወደ 12 ተመለሰ። መልሼ ሰካሁት፣ እንደገና 900። ጥር የሰርግ ወር ነው። ሠራተኛው ቅዳሜና እሑድ የቀረጸውን ቪዲዮ ይዞ ሰኞ ቢሮ ሲገባ ሞባይሉ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ወደ ክላውድ ይልከዋል። ሃያ ምናምን ሞባይል፣ አንድ ቀጭን አፕሎድ። ሙሽሮቹ ሳይወጡ ስልኩ አይወጣም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቁጥር እንየው። በተለመደው ጂ 711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ የመቀየሪያ መንገድ) ስልካችሁ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ የዳታ ጥቅል፣ ይልካል፤ በሰከንድ 50 ማለት ነው። አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ፣ የፓኬቱ መጠቅለያ ተደምሮ፣ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 12 ሰው በአንዴ ቢያወራ ከ1 ሜጋቢት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ችግሩ ስልኩ ብዙ መፈለጉ አይደለም። ሰልፉ ነው። አፕሎዳችሁ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። ሞደሙ ውስጥ 250 ኪሎባይት የፋይል ሰልፍ ቢጠራቀም፣ ያ ሰልፍ እስኪወጣ 1 ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። የድምፅ ፓኬቷ 200 ባይት ብትሆን ነው፤ ፊቷ የቆሙት 1500፣ 1500 ባይት ናቸው። ባጃጅ ከሲኖትራክ ሰልፍ ጀርባ ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ምክር ደግሞ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ነው። በዚያ ላይ ሰልፉ ይረዝማል ያጥራል፤ ፓኬቶቹ አንዱ ቶሎ አንዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ይሄ ጂተር የሚባለው ነው፤ ጆሮ ላይ «ተ-ቆ-ራ» ሆኖ የሚሰማው እሱ ነው።

የእናንተ ቢሮ የጉዞ ወኪል ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሚወጣውን አስብ፤ የፓስፖርት ስካን፣ ለቪዛ የሚላክ ዶክመንት፣ ወደ ክላውድ የሚልክ ካሜራም ካለ። ወረቀቱና ፒንጉ አንድ ሰዓት ላይ ከተገናኙ ሌባው ተያዘ።

መድኃኒቱ «ኢንተርኔቱን አሳድጉ» አይደለም። ብታሳድገው ፋይሎቹ ያንኑ ይሞሉታል፣ ትንሽ ቆይቶ ብቻ። የሚያስፈልገው ሰልፉን ከሞደሙ አውጥተህ አንተ በምታዘው ራውተር ላይ ማድረግ ነው። አፕሎዱን በተበላሸው ሰዓት ለካ፤ ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር እርሳው። የተለካው 10 ሜጋቢት ከሆነ ራውተርህ ላይ ወሰኑን 8.5 አድርግ። ከዚያ የድምፅ ፓኬት ሁልጊዜ ከፊት እንዲያልፍ እዘዝ። አይፒ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ድምፃቸውን ዲኤስሲፒ 46 ብለው ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክቱን አይቶ ማስቀደም ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁና ሶፍትዌሩ ራውተርኦኤስ 7 ከሆነ ኬክ የሚባለው የሰልፍ ዓይነት ውስጡ አለ፤ እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። የእንግዳና የሠራተኛ ሞባይል ዋይፋይ ደግሞ ለብቻው ገደብ ይደረግበት። ጂ 729 ወደሚባለው ኮዴክ ማውረድ ጥሪውን ወደ 31 ኪሎቢት ያሳንሰዋል፤ ግን ሰልፉን አያስወግድም፣ ድምፁም ይቀንሳል። መስመሩ በጣም ቀጭን ካልሆነ አልመክርም።

«እኛ እንሰማለን፣ እነሱ አይሰሙም» ያልከው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየተቆራረጠ ሳይሆን ጭራሽ ከሌለ ብዙ ጊዜ ጣጣው የአድራሻ ነው። ጥሪ ሲከፈት ሁለቱ ወገኖች የሚለዋወጡት ሲፕ የሚባል መልእክት ውስጥ «ድምፅ ወደዚህ ላክልኝ» የሚል አድራሻ አለ። ፒቢኤክሱ ለውጪው ወገን የውስጡን 192.168 ምናምን ከጻፈ እናንተ አትሰሙም፤ ለቢሮው ስልክ የውጭውን አድራሻ ከጻፈ ግን የእናንተ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ደንበኛው አይሰማም። ፍሪፒቢኤክስ ላይ የሲፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የውጭ አድራሻውና የውስጥ ኔትወርኮቹ ትክክል መሆናቸውን እይ። ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ካለ አጥፋው። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ግን አድራሻውን እየነካካ ሲያበላሽ ነው የማየው። የድምፅ ፖርቶቹ በተለምዶ ዩዲፒ ከ10000 እስከ 20000 ናቸው። አደራ፣ የሲፕን ፖርት 5060ን ለዓለም ሁሉ ከፍተህ እንዳትተወው። ለአቅራቢያችሁ አድራሻ ብቻ ክፈት፤ አለዚያ ሌሊት በእናንተ መስመር ወደ ሩቅ አገር የሚደውል አይጠፋም፣ ሒሳቡም ለእናንተ ነው የሚመጣው።

*43 ራሱ ከተቆራረጠስ? ያኔ ሰርቨሩን እይ። ፒቢኤክሱ ውስጥ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተህ «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር ተመልከት። ሰርቨሩ ፕሮክስሞክስ ከሆነ ይሄ ቁጥር ማሽኑ ሲፒዩ ፈልጎ ወረፋ የጠበቀበት ጊዜ ነው። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ቪኤምዌር ከሆነ «ሬዲ» የሚለውን ከፒቢኤክሱ ውጭ፣ ራሱ ቪኤምዌሩ ላይ እይ። ለሒሳቡ ማሽን ያለ ልክ የሲፒዩ ኮር ሰጥታችሁት ከሆነ ቀንሱ። ባክአፕ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳም እይ። በቀን፣ ወደ ቀርፋፋ ስቶሬጅ የሚሄድ ባክአፕ ማሽኑን ሲያንገላታ አይቻለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አድርገው።

ይሄ ሁሉ አልቆ ድምፁ ከጠራ በኋላ ስለ ክላስተር እናውራ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ መልሱ ሆኖ የቀረበው ለሌላ ጥያቄ ነው እንጂ።

መጀመሪያ የምትገዙትን እወቁ። ሃይ አቬይለቢሊቲ ማለት ስልኩ አይቋረጥም ማለት አይደለም። አንዱ ሰርቨር ሲሞት በመስመር ላይ ያሉት ጥሪዎች ሁሉ ይቋረጣሉ። ሌላው ሰርቨር መሞቱን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል፣ ከዚያ ፒቢኤክሱን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። በፕሮክስሞክስ ይሄ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፣ በዚያ ላይ የፒቢኤክሱ መነሻ ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ነገር አቅራቢው ያልነገራችሁ ነው። በፕሮክስሞክስ ሁለት ሰርቨር ብቻውን ለሃይ አቬይለቢሊቲ አይበቃም። ክላስተር እንደ ምርጫ በድምፅ ብልጫ ነው የሚወስነው። ከሁለት ድምፅ ብልጫ ሁለት ነው። አንዱ ሲሞት የቀረው አንድ ድምፅ ይዞ ይቀራል፤ «ጓደኛዬ ሞቶ ነው ወይስ ኬብል ተነቅሎ?» የሚለውን መለየት አይችልም። በዚያ ላይ የሃይ አቬይለቢሊቲ ማሽን ይዞ ከነበረ ከ60 ሰከንድ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አንድ ሰርቨር ሞቶ ሁለቱም ቆሙ ማለት ነው። የግድ ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ሰርቨር አይደለም፤ ኪውዲቫይስ የሚባለውን የምታስቀምጥበት አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይም ቢሆን ይበቃል። ብቻ ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን አድርገህ እንዳታስቀምጠው። አስቀምጠውት አይቻለሁ!

ቪኤምዌር ወይስ ፕሮክስሞክስ? ቪኤምዌር ጥሩ ሥራ ነው። ግን ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከገዛው ወዲህ አንዴ ገዝቶ መገላገል ቀርቷል፣ በየጊዜው የሚከፈል ሆኗል። ለ18 ስልክ በየዓመቱ ዶላር መፈለግ አይዋጥልኝም። ፕሮክስሞክስን ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፣ ድጋፍ ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ። እኔ ብሆን ፕሮክስሞክስ፣ ዜድኤፍኤስ (የዲስክ አያያዝ ዓይነት)፣ ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ኪውዲቫይስ። ሴፍ የሚባለውን ስቶሬጅ አቅራቢው ካነሳ፣ እሱ ቢያንስ ሦስት ሰርቨርና ፈጣን ኔትወርክ ይፈልጋል በለው።

በዜድኤፍኤስ አንዱ ሰርቨር ዲስኩን ለሌላው በየ15 ደቂቃው ይገለብጣል፤ ማሳጠር ይቻላል። ስለዚህ ሰርቨር ሲሞት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይጠፋሉ። ለፒቢኤክስ ይሄ ምንም አይደለም፤ ጥቂት የጥሪ መዝገብ ነው። ለሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ የቆረጠችው ደረሰኝ ወረቀቱ እጇ ላይ አለ፣ ሲስተሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፒቢኤክሱ በራሱ ይነሳ፤ የሒሳቡ ማሽን ግን ሰው አይቶ፣ ከእሷ ጋር ተነጋግሮ ያስነሳው።

የግልበጣውን ትራፊክ በስልኮቹ ስዊች አታሳልፍ። ሁለቱን ሰርቨሮች በቀጥታ በአንድ ኬብል አገናኛቸውና በዚያ ይሂድ። ሰርቨሮቹ «አለሁ» የሚባባሉበት መስመር ደግሞ ሌላ ፖርት ይሁን። አንድ ላይ ከሆኑ ግልበጣው «አለሁ»ን ያዘገየዋል፣ ክላስተሩም ያልሞተውን ሞተ ብሎ ይደነግጣል።

ደግሞ መብራት። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ነው፤ ስልኮቹ ኃይል የሚያገኙበት ስዊችስ? ሞደሙስ? በምሳ ሰዓት ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀልና ዞር ዞር በል። የትኛው ስልክ እንደጠፋ ታያለህ። ለብዙ ቢሮ ከሁለት ሰርቨር በፊት የሚቀድመው ይሄ ነው።

በመጨረሻ ለመግዛት ከወሰናችሁ ውሉ ውስጥ አንድ መስመር አስገባ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቅራቢው ባለበት፣ አንተ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ከሶኬቱ ነቅለህ ስልኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ነው። እጅህ ገመዱን ሲይዝ «ኧረ ቆይ፣ ቆይ» ካለህ ቼኩን ወደ ኪስህ መልሰው።