የትራክተር ኤሲ ጥያቄና መልስ፦ ጋዙን በሚዛን ሙሉ

የመተማና የቋራ እርሻ ሊጀመር ነው። እኔ አዘዞ የትራክተር ኤሲ እጠግናለሁ፤ ጠይቁኝ። "አይሠራም" ብቻ አትበሉ፣ ምን እንደሚያደርግ ንገሩኝ።

ከገንዳ ውኃ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ያቀዘቅዛል። ቀትር ላይ ሙቅ አየር ነው። ጋዝ ላስጨምር?

መልስ፦ ቆይ! መጀመሪያ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ኮንደንሰር እየው። አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቶ መጣ። ፈትቼ ሳየው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሃል አቧራና የሰሊጥ ገለባ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በአየር ንፋው። የአየር ቱቦውን አፍንጫ አታስጠጋ፣ ስስ ቆርቆሮዎቹ ይታጠፋሉ።

ከማራኪ፦ ጎንደር ጋዝ አስሞልቼ በረዶ ነበር። መተማ ስደርስ ኮምፕሬሰሩ ይበራል፣ ይጠፋል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። መተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። እዚህ በጌጅ፣ በግፊት መለኪያው፣ እያየ ጥቂት ያበዛልህ ሰው እዚያ ግፊቱን ከልክ ያሳልፍብሃል። ያኔ የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ያለው ጋዝ በማሽን ይውጣ። ቫኪዩም ይሳብ፣ ማለት ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ይውጣ። ከዚያ በሚዛን ይሞላ። ልኩ ተለጣፊው ወይም መመሪያው ላይ በግራም ተጽፏል።

ለመካኒኮችም ልናገር። የጥገና መጽሐፉ ቫኪዩም በጌጁ ላይ ወደ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ይድረስ ይላል። ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ጎንደር ላይ 23 አካባቢ ይቆማል፣ የከፍታው ነገር ነው። ፓምፑን አትቀይሩ። ግማሽ ሰዓት ሳቡ፣ ዝጉና ጠብቁ። የጌጁ መርፌ ከተመለሰ ይፈሳል ማለት ነው፣ ጋዝ አትሙሉ።

አንድ ሹፌር፦ እኛ ያለ ኤሲ ነው ያረስነው። መስኮት መክፈት ይበቃል።

ሌላ ሹፌር፦ መድኃኒት ስትረጭም ትከፍታለህ?

አንድ ሹፌር፦ እኔ ስለ እርሻ ነው ያወራሁት! ደግሞ ኤሲ ናፍጣ ይበላል።

መልስ፦ የናፍጣውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። ለርጭት ግን ስሙኝ፦ ተራው የጋቢና ፊልትሮ አቧራ እንጂ የመድኃኒት ትነት አያስቀርም። የከሰል ፊልትሮ ያስፈልጋል።

ከአብርሃ ጅራ፦ ጋቢና ውስጥ ውኃ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ የውኃ ማውረጃው ቱቦ ተደፍኗል። ጥረገው።

ከአዘዞ፦ የኔ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ፋኑ አይነፍስም? ኮምፕሬሰሩ አይይዝም? አይተህ ተመለስ።

ከቋራ፦ በየዓመቱ ጋዝ ያልቃል። የማብሰያ ጋዝ ርካሽ ነው ይላሉ።

መልስ፦ በፍጹም! ጋቢና ውስጥ ከፈሰሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ፍሳሽ ለመፈተሽም ኦክስጅን አታስገቡ፣ ከዘይቱ ጋር ይፈነዳል። በናይትሮጅን ፈትሹ። የኤሲ ጋዝ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ ፈሷል። መጋጠሚያዎቹን ዳብሱ። አቧራው ዘይት ይዞ የጠቆረበት ቦታ ላይ ነው የሚፈሰው።

ከመተማ፦ ጋዝ ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ፍሳሹ ሳይገኝ የጋዝ ዋጋ አልናገርም። አልኩ እኮ።

ከገንዳ ውኃ፦ ሥራ ሲያልቅ ዝም ብዬ ላቁመው?

መልስ፦ አይሆንም። በወር አንዴ አሥር ደቂቃ ኤሲውን አብራው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ካልዞረ የዘንጉ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ይደርቅና ከዚያ መፍሰስ ይጀምራል።