ስም ያልጻፍኩበት ካርታ

ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ሻይ እየጠጣሁ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ ታዋቂ ሰዎች የተቀበሩት የት ነው?» አለችኝ። «ወደ ጅሬን ውጪ፤ አባ ጅፋር እዚያ ናቸው» አልኳት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ ይሄን ማንም ይመልሰዋል። «ከሳቸው ሌላስ?» ስትለኝ ግን ዝም አልኩ።

ገና ጀማሪ ቀያሽ ሳለሁ መንገድ ሊሰፋ ሆነና የአንድ አሮጌ መቃብር ቦታ ጠርዝ እንድለካ ታዘዝኩ። እዚያ ጋ ያለው አጽም ሊነሣ ነው። ጠባቂው አንድ ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ችካል በመታሁ ቁጥር ከኋላዬ ይመጣሉ። «ይሄ ቡና መዛኙ ነው፤ ሚዛን አጭበርብሮ አያውቅም። ይቺ አዋላጇ ናት፤ ግማሹ ሰፈር በእጇ ነው የተወለደው።» ድንጋዮቹ ላይ ጽሑፍ የለም። «ስማቸውን ጻፍ እንጂ ልጄ» አሉኝ። እኔ ቁጥር ጻፍኩ። ካርታ ላይ ስም ምን ይሠራል ብዬ።

ውሸቴን ነው። ዝናብ እየመጣ ነበር፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። ለጫማዬ ነው የቸኮልኩት።

አጽሙ በቁጥር ተነሥቶ ሌላ ቦታ አረፈ። ከዓመት በኋላ አንዲት ሴት «የእናቴን አሳየኝ» ብላ መጣች። የአዋላጇ ልጅ ናት። 7 ቁጥር ትሁን 11 ማን ይንገረኝ? ሽማግሌው ሞተዋል። ሁለቱንም አሳየኋት። ሁለቱም ጋ እኩል አለቀሰች።

አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል ሄዳችሁ እዩ። እንግሊዝ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ1960 እዚህ አገር ያረፈችው፣ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገተችው ሲልቪያ ፓንክረስት እንኳ ስሟ ተጽፎላታል። የኛዋን አዋላጅ ግን እኔ ቁጥር አደረግኳት።

ምክር ካላችሁኝ፣ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሥራውን በደብተር ጻፉ። ፎቶ አነሣን እንዳትሉኝ፤ እናንተ ስልክ ስትቀይሩ ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። በእርግጥ እኔም ስሞት ሐውልት እንዳይሠሩብኝ ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ የሲሚንቶ ብክነት ነው።

ቅዳሜ ተማሪዋን አጽሙ ወዳረፈበት እወስዳታለሁ። ደብተር ያዢ ብያታለሁ። ቦት ጫማም።