የሞኖሳይትን ጉዞ ለምታጠኑ ወጣቶች

በደም ሴሎች ምርምር ለጀመራችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፤

ሞኖሳይት ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ከ2 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ብቻ ቢይዝም፣ ሕመም በተነሣበት ስፍራ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ማክሮፋጅ፣ ማለትም ጀርሞችንና የሞቱ ሴሎችን ወደሚውጥ ትልቅ ሴል፣ የሚለወጠው እርሱ ነው። መንገዱን የሚመሩት በገጹ ላይ ያሉት ተቀባዮች ናቸው፤ ሲሲአር2 የተባለው ተቀባይ፣ ከተጎዳው ስፍራ የሚመነጨውን ሲሲኤል2 የተባለ ኬሞካይን፣ ማለትም ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካዊ ምልክት፣ ሲይዝ ሴሉ ኬሞካይኑ ወደ በረታበት አቅጣጫ ይሳባል። ብዙዎቻችሁ ከዚህ ተነሥታችሁ ተቀባዩ የበዛለት ሴል ሁሉ ይበልጥ ይጓዛል ትላላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ድምዳሜ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የሕሙማንን ደም ከጤነኞች ጋር ሳነጻጽር፣ በሕሙማኑ ሞኖሳይቶች ላይ ሲሲአር2 ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኘሁና በሽታው ያመጣው ለውጥ ነው ብዬ ጻፍኩ። ኋላ መዝገቤን ገልጬ ስመለከት የሕሙማኑ ናሙና ሁሉ የታጠበው ከአንድ ብልቃጥ በተቀዳ ፈሳሽ ነበር፤ ሲመረመርም ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ መርዝ ተገኘበት። ኢንዶቶክሲን በጥቂቱም ቢሆን ሞኖሳይትን ይቀሰቅሰዋል፣ የተቀሰቀሰ ሞኖሳይትም ሲሲአር2ን ይቀንሳል። የወራት ድካሜን ስጥል በጣም አዝኜ ነበር፤ ሆኖም የታመሙ ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡንን ደም በስሕተት ከመተርጎም ያ ይሻል ነበር።

በሞኖሳይቶች ሁሉ ላይ ያለው የሲሲአር2 አማካይ ቁጥርም ያሳስታል። በጤነኛ ሰው ደም 85 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሞኖሳይቶች ሲዲ14 የተባለው የገጽ ምልክት የበዛባቸውና ሲሲአር2ን በብዛት የያዙ ናቸው፤ ሲዲ16 የተባለው ሌላ ምልክት የበዛባቸው ጥቂቶቹ ግን ሲሲአር2 እጅግ ያንሳቸዋል፣ በምትኩ ሲኤክስ3ሲአር1 የተባለ ሌላ ተቀባይ ይበዛላቸዋል። ስለዚህ የአንድም ሴል ጠባይ ሳይለወጥ፣ የቡድኖቹ ድርሻ ብቻ ሲዛባ አማካዩ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ተቀባዩን ከለካችሁበት ከዚያው ደም፣ በዚያው ሰዓት የሴሎቹን ጉዞም ለኩ። ተመራማሪው ቦይደን በ1962 ያስተዋወቀው ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ ዛሬም ያገለግላል፤ ሴሎቹ ከላይ፣ ኬሞካይኑ ከታች ሆኖ በመካከሉ ማጣሪያ ይገባል፤ ሴሉም ከራሱ በሚጠብ 5 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ተጨምቆ ያልፋል። ሁልጊዜ ግን ኬሞካይኑን ከላይም ከታችም እኩል ያደረጋችሁበት መቆጣጠሪያ ይኑራችሁ፤ ሴሎቹ በዚያም እኩል ከበዙ ያያችሁት አቅጣጫ የሌለው መንቀሳቀስ እንጂ መሳብ አይደለም። ስትቆጥሩም ከማጣሪያው ሥር የተጣበቁትን ብቻ አትቁጠሩ፤ ወደ ታችኛው ፈሳሽ የወደቁትም ተጉዘዋልና።