የየዘመኑ ፈጣን ቦውለሮች በምን ይመዘናሉ?

ጥያቄ፦ ሻርጃ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ህንዳውያንና ፓኪስታናውያን በእረፍት ሰዓት ወሬያቸው ክሪኬት ብቻ ነው፤ ከፈጣን ቦውለሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ማን ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። አንዱ ማልኮም ማርሻል ይላል፣ ሌላው ዴል ስቴይን፤ ሦስተኛው ደግሞ 704 ዊኬት ያለው (704 ጊዜ ባትስማን፣ ማለትም ኳስ መቺ፣ ያስወጣው) ጄምስ አንደርሰን እያለ ምን ያከራክራል ባይ ነው። በቁጥር መፍረድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የዊኬት ድምር ብቻ ይዘው ከገቡ ግን ተረትተው ይወጣሉ። አንደርሰን 704ቱን የሰበሰበው በ188 የቴስት ጨዋታ (እስከ አምስት ቀን በሚቆይ የአገሮች ግጥሚያ) ነው፤ የዌስት ኢንዲሱ ማርሻል 376 ያገኘው በ81። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ማካፈል ይሥሩ። በቦውለሩ ላይ የተቆጠረውን ራን (ነጥብ) ለዊኬቱ ሲያካፍሉ አማካዩ ይወጣል። የወረወረውን ኳስ ለዊኬቱ ሲያካፍሉ ደግሞ አንድ ባትስማን ለማስወጣት ስንት ኳስ እንደፈጀበት ያውቃሉ። ሁለቱም ዝቅ ባሉ ቁጥር ይሻላል።

በአማካይ ማርሻል 20.94፣ ደቡብ አፍሪካዊው ስቴይን 22.95፣ እንግሊዛዊው አንደርሰን 26.45 ነው። በኳስ ሲቆጠር ግን ስቴይን ይቀድማል፤ ለአንድ ዊኬት 42 ኳስ ገደማ ሲበቃው ማርሻል ወደ 47 ይፈልጋል። ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በማርሻል ላይ በአንድ ኦቨር፣ ማለትም በስድስት ኳስ፣ የሚቆጠረው 2.68 ራን ነበር፤ በስቴይን ላይ 3.24። በስቴይን ዘመን ባትስማኑ ቸኩሎ ይመታል፤ የቸኮለ ደግሞ ራንም ያገኛል፣ ቶሎም ይወጣል። ስለዚህ የአምስቱ ኳስ ልዩነት ሁሉ የስቴይን ጉብዝና ብቻ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን በራሱ ዘመን ከነበሩት ቦውለሮች አማካይ ጋር አስተያይቶ፣ ምን ያህል እንደራቃቸው ማየት ነው።

በአንድ ጨዋታ ስንት ዊኬት ወሰደ የሚለውም ያሳስታል። የኒውዚላንዱ ሪቻርድ ሃድሊ በ86 ጨዋታ 431 ወስዷል፤ በጨዋታ 5 ይደርሳል። ማርሻል 4.6 ላይ ነው። ነገር ግን ሃድሊ የቡድኑን ሸክም ለብቻው ማለት ይቻላል ተሸክሞ ነበር፤ ማርሻል ግን ዊኬቱን ከቡድን ጓደኞቹ ከሆልዲንግ፣ ከጋርነር፣ በኋላም ከአምብሮስና ከዋልሽ ጋር ይካፈል ነበር።

የእኛን ፍርድ ከጠየቁን ማርሻል ነው። ለፈጣን ቦውለር ቁመቱ አጭር የሚባል ነበር፤ ኳሱ ከመሬት ብዙ ሳትነሳ ተንሸራታ ትገባለች። ፈጣን ቦውለር በሚደክምበት በህንድ ሜዳ በ1983/84 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ6 ጨዋታ 33 ዊኬት ወሰደ። በ1984 እንግሊዝ ውስጥ ሄዲንግሊ ሜዳ ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ፣ እጁ በጀሶ ታሽጎ 53 ራን ብቻ ተቆጥሮበት 7 የእንግሊዝ ባትስማኖችን አስወጥቷል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዛዊው ሲድኒ ባርነስ አማካይ 16.43 ከሆነ ከማርሻል አይበልጥም?

መልስ፦ ቁጥሩን ይክፈሉት። ባርነስ (1901–1914) ከ189 ዊኬቱ 83ቱን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በ7 ጨዋታ ብቻ ነው። ያኔ ደቡብ አፍሪካ ደካማ ነበረች፤ በ1913/14ቱ ጉዞው 49 ሲወስድ ደግሞ የሚጫወቱት ምንጣፍ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ነበር። በጠንካራዋ አውስትራሊያ ላይ አማካዩ 21.58 ነው። ያም ሆኖ ግሩም ነው። በነገራችን ላይ ፍጥነቱ መካከለኛ ስለነበር ከፈጣኖቹ ጋር መደመሩ ራሱ ያከራክራል። ከ20 በታች ለሚባለው የዘመናችንን ሰው ከፈለጉ ህንዳዊውን ጃስፕሪት ቡምራህን ይዩ፤ በ2024 መጨረሻ 200ኛ ዊኬቱን ሲያገኝ አማካዩ ከ20 በታች ነበር።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ፈጣኑ ፓኪስታናዊው ሾይብ አክታር ነው?

መልስ፦ በመዝገብ አዎ፤ በ2003 የዓለም ዋንጫ ኬፕታውን ላይ በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር። አውስትራሊያዊው ጄፍ ቶምሰን በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲለካ 160 ገደማ ደርሷል፤ ያ ግን በካሜራ የተለካ ነው። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ያላት ፍጥነትና ባትስማኑ ጋ ስትደርስ ያላት አንድ ስላልሆነ የት እንደተለካ ሳያውቁ ሁለቱን ማነጻጸር ከንቱ ነው። ከ1960ዎቹ በፊት ለነበሩት ሌላም ነገር ይጨመራል፦ ኖቦል (ሕግ የጣሰ ውርወራ) የሚባለው የቦውለሩ የኋላ እግር ያረፈበት ታይቶ ነበርና ቦውለሩ እግሩን እየጎተተ፣ ከዛሬዎቹ ይልቅ ወደ ባትስማኑ ተጠግቶ ኳሱን መልቀቅ ይችል ነበር።