ፒስተኑ ስንት ይግባ?

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። የአባቴን የድሮ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር እያሠራሁ ነው፣ ሲሊንደሩ ተጭሯል። መካኒኩ "በ1.00 ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው ልክ በ1 ሚሊሜትር በሚሰፋ ፒስተን) ተገላገል፣ ጉልበትም ይጨምራል" ይላል። ልስማው?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! የሚጨምረው 4 ሲሲ ገደማ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ አስለካ። የፋብሪካ ልኩ 56.5 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኖቹ በ0.25 እያደጉ ስለሚመጡ ጭረቱን የሚያጠፋውን ትንሹን ምረጥ፣ አሁኑኑ 1.00 ከገባህ ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ይቀርሃል? ፒስተኑን ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) ሳትገዛ ደግሞ ሲሊንደሩን እንዳታስሰፋ፤ የሚሰፋው በእጅህ ባለው ፒስተን ልክ እንጂ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው አይደለም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን ስትወጣ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል ማለት ነው። ከሰፋ ይንኳኳል፣ ዘይትም ይበላል።