ፊደሩ መቼ ነው የሚቀየረው? ለወጣት የሬዲዮ ቴክኒሻኖች

ሰላም ልጆች፣

ይህን የምጽፈው በየተራራው የኤፍኤም ማሠራጫ ለምትጠብቁ ነው። ገና ከትምህርት ወጥታችሁ የማሠራጫ ክፍሉን ቁልፍ ለተረከባችሁም ጭምር። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ብሆንም ስልኬ አልተዘጋም። የምትጠይቁኝ ነገር ደግሞ ያው ነው፦ "ጋሼ፣ ፊደሩ (ኃይሉን ከማሠራጫው ወደ አንቴናው የሚያደርሰው ኬብል) ይጠገን ወይስ ይቀየር?" ችግሩ፣ አብዛኞቻችሁ የምትደውሉት ጣቢያው ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው።

ማሠራጫ ሲታመም ይናገራል። ቀይ መብራት ያበራል፣ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። አንቴናና ፊደር ግን አይናገሩም፤ ዝም ብለው ያረጃሉ። አዲሶቹ ማሠራጫዎች ደግሞ ተመላሽ ኃይል (ሪፍሌክትድ፣ ከአንቴናው ወደ ማሠራጫው የሚመለሰው) ሲበዛባቸው ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ጣቢያው አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሥራ አስኪያጁ መኪናው ውስጥ ሲሰማ ምንም አይታወቀውም። ቀድሞ የሚያውቀው ዳር ያለው አድማጭ ነው። ከሩቅ ወረዳ ደውሎ "ዘንድሮ ጣቢያችሁ ይንሿሿል" የሚል ሰው ካለ፣ "የሬዲዮህን አንቴና አስተካክል" ብላችሁ አትሸኙት። ከየት እንደደወለና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያው አካባቢ ሁለተኛ ሰው ከደወለ ዓይናችሁን ወደ ማማው አንሡ።

ወጣት ቴክኒሻን ሪፍሌክትድ ሲያነብ የሚጠይቀው "ቁጥሩ ደህና ነው?" ብሎ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው "ካለፈው ወር ተንቀሳቅሷል?" ብዬ ነው። በ1000 ዋት ጣቢያ ኤስደብልዩአሩ (አንቴናው ከፊደሩ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1 ከሆነ ምንም አይመለስም) 1.1 ከሆነ የሚመለሰው ከ2 ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 1.5 ሲደርስ 40 ዋት ይሆናል። እንግዲህ ለዓመታት 3 ዋት ሲያነብ የኖረ ሜትር አንድ ቀን 12 ዋት ቢያሳይ አላርም አይጮህም። ማሠራጫውም ግድ አይሰጠውም። ግን አራት እጥፍ ሆኗል! ላይ ቤት የሆነ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው ትናንትን የጻፈ ሰው ብቻ ነው። የሚወጣውን ኃይል፣ ሪፍሌክትዱን፣ የፊደሩን ግፊትና የአየሩን ሁኔታ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝግቡ። ዝናብ ከነበረ "ዝናብ" ብላችሁ ጨምሩበት። ያቺ አንድ ቃል በኋላ ብዙ ትረዳችኋለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ላይ ልቆይ። ሪፍሌክትድ ዝቅ ማለቱ ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም። ፊደሩ ራሱ ካረጀ፣ ታች ያለው ሜትር ያታልላችኋል። ቁጥር ልስጣችሁ። ያረጀ ፊደር ግማሹን ኃይል መንገድ ላይ ያስቀራል እንበል። 1000 ዋት ትልካላችሁ፣ አንቴናው ጋ 500 ይደርሳል። አንቴናውም ተበላሽቶ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 100 ዋት፣ ይመልሳል። ያ 100 ዋት ሲወርድ ግማሹ እንደገና ይጠፋል። ሜትራችሁ ላይ የሚታየው 50 ዋት ነው። እናንተ "5 በመቶ ነው፣ ይቻላል" ትላላችሁ። እውነቱ ግን ኃይሉ ግማሽ በግማሽ ኬብሉን እያሞቀ ነው፣ አንቴናውም ታሟል። እንዲያውም ኬብሉ እየባሰበት ሲሄድ ሪፍሌክትዱ "እየተሻሻለ" ሊታይ ይችላል። ማንም ሰው ምንም ሳይነካ የተሻሻለ ቁጥር ካያችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ተጠራጠሩ።

ለዚህ መድኃኒቱ የኬብሉን ብክነት ለብቻው መለካት ነው። ማሠራጫው ይዘጋል፣ ፊደሩ ከላይ ከአንቴናው ተነቅሎ ጫፉ ሾርት ይደረጋል (የውስጡና የውጩ መዳብ ይገናኛል)፣ ከታች በአናላይዘር (የኬብልና የአንቴና መለኪያ መሣሪያ) ሪተርን ሎሱ፣ ማለትም የተላከው ምልክት ምን ያህል ቀንሶ እንደተመለሰ፣ ይለካል። ያገኛችሁትን ዲቢ (ዴሲቤል፣ የብክነቱ መለኪያ) ለሁለት አካፍሉት፤ ምልክቱ ወጥቶ ስለሚመለስ ነው። ውጤቱን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት። ጤነኛ ባለ 7/8 ኢንች ፎም ኬብል (ውስጡ በፎም የተሞላ) በ100 ሜጋኸርዝ ለ100 ሜትር 1.2 ዲቢ ገደማ ይበላል። ለ70 ሜትር ከ0.9 ዲቢ በታች መሆን አለበት። ያ ማለት ከ1000 ዋት 820 ያህሉ ይደርሳል። እናንተ 2 ዲቢ ካነበባችሁ ወደ 630 ወርዷል። እንዲህ ያለውን ኬብል በቴፕ አታድኑትም። አናላይዘር የሌለው ጣቢያ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። የሞባይል ኔትወርክ የሚዘረጉ ልጆች አላቸው፤ ተዋሱ።

የፊደር ዋናው ጠላት ውሃ ነው። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የተባለው ለኛ ሥራ ይመስለኛል። በማውቀው አንድ ጣቢያ በክረምት ሪፍሌክትዱ ከፍ ይላል፣ በመስከረም ፀሐይ ይወርዳል። "ዝናብ ነው፣ ይለቃል" ይባባሉ ነበር። እውነትም ይለቅ ነበር። ነገር ግን መዝገቡን የኋሊት ስናገላብጥ በየበጋው የሚመለስበት ቁጥር ካለፈው በጋ ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ውሃው ሙሉ በሙሉ እየወጣ አልነበረም። የገባው ከላይኛው ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ ማያያዣ) ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ቴፑ ከላይ ወደ ታች መጠቅለሉ ነው። ቴፕ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠቀለለው፣ ልክ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚደራረበው፣ ውሃው በላዩ እንዲንሸራተት። ኬብሉ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ ብሎ መነሣት አለበት፤ አለዚያ ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ እቤት ይገባል።

ትልልቆቹ ፊደሮች ውስጣቸው አየር ነው። አየሩ ደረቅ እንዲሆን በዲሃይድሬተር (አየር አድርቆ በሚያስገባ መሣሪያ) ወይም በናይትሮጅን ትንሽ ግፊት ይሰጠዋል፣ በብዙ ቦታ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)። ዲሃይድሬተሩ እረፍት አልባ ከሆነ ፊደሩ አየር ያፈሳል ማለት ነው። ቫልቩን ዝጉና በማግስቱ በዚያው ሰዓት አንብቡ። "በዚያው ሰዓት" ያልኩት የማለዳ ብርድ ብቻውን ግፊቱን ስለሚያወርደው ነው። ማፍሰሻውን ለማግኘት የሳሙና አረፋ ይበቃል።

የኛ አገር ተራራ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ተራራ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ እንኳ ሳይሆን ከዚያ በላይ ያንሳል። አየር ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘልበታል። ካታሎግ ላይ የምታዩት የኃይል መጠን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለባህር ጠለል የተሰላ ነው። በዚህ ምክንያት የውስጥ ግፊቱን ያጣ ፊደር እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚቃጠለው። የደጋ ፀሐይም የኬብሉን ጥቁር ልብስ ትጎዳለች፤ መጀመሪያ ያሸብታል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ውርጭ ሲፈራረቁ ኬብሉ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ከማማው ብረት ጋር ይፋተጋል።

ማማ ላይ ስትወጡ ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ ግን ማሠራጫው መዘጋቱን፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። በዚያው ማማ ላይ የሌላ ጣቢያ አንቴና ካለ የነሱም ኃይል መቀነስ ወይም መዘጋት አለበት። ብቻችሁን አትውጡ፤ ደመና ከጠቆረ ጭራሽ አትውጡ። ላይ ስትደርሱ የተጠማዘዘ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ፣ ወፍ የሠራበት ጎጆ፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ የላላ ግራውንዲንግ (ከመሬት ጋር ማገናኛ)፣ ዝገት የበላው ብሎን ፈልጉ። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ የተነካኩበት ቦታ ይበላላል። ማሠራጫው እንደተዘጋ ወዲያው የሙቀት ካሜራ ያለው ሰው ከመሬት ሆኖ ይይላችሁ። ካሉት ኮኔክተሮች አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ይልቅ የጋለ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። አንዱ ቤይ (ከአንቴናው ክፍሎች አንዱ) ከቀዘቀዘ ደግሞ ኃይል እየደረሰው አይደለም፤ ይህ ሲሆን የስርጭቱ ቅርጽ ተዛብቶ አንዱ ወረዳ ሲሰማ ሌላው አይሰማም።

ስለ መካከለኛ ሞገድ አንድ ቃል፦ እዚያ አንቴናው ማማው ራሱ ነው፣ ግማሽ ሥራው ግን መሬት ውስጥ የተቀበረው መዳብ ነው። ሌባ ደግሞ የመዳብን ዋጋ ከኛ የበለጠ ያውቃል።

እንግዲህ ውሳኔው ላይ እንምጣ። ኮኔክተር፣ ጃምፐር (አጭር ማገናኛ ኬብል)፣ የግራውንድ ማሰሪያ፣ ጋስኬት (ማሸጊያ)፣ የመብረቅ መከላከያ ይቀየራሉ፤ ለነሱ ብላችሁ ሙሉ ፊደር አታውርዱ። ኮኔክተሩን ቆርጣችሁ ስታወጡ መዳቡን እዩት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ አዲስ ኮኔክተር ይበቃዋል። ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካወጣ ትንሽ ቀጥላችሁ ቁረጡ። አንድ ሜትር ቆርጣችሁም ከጠቆረ፣ ፎም ኬብል ከሆነ በቃው። ፎም ውስጥ የገባ ውሃ በንፋስ አይደርቅም። ባለ አየሩ ግን በደረቅ ናይትሮጅን ሊታጠብ ይችላል፣ ውስጡ ካልተበላ። ውስጡ ብልጭታ ያቃጠለው፣ የታጠፈ፣ ወይም ልብሱ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ኬብል ላይ ግን ክርክር አያስፈልግም።

አለቃችሁ ገንዘብ የለም ይላል። እውነቱን ነው፤ በተለይ የውጭ ምንዛሪ ነገር ታውቁታላችሁ። "አንቴናው አርጅቷል" የሚል ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። የሁለት ዓመት መዝገባችሁን በግራፍ አድርጋችሁ፣ ከ1000 ዋቱ አየር ላይ የሚወጣው 630 መሆኑን፣ የመብራት ሒሳቡ ግን ሙሉ እንደሚከፈል ጻፉለት። ጥያቄውን በግንቦት አታቅርቡ። ግዥው ይጓተታል፣ ዕቃው ሲደርስ ክረምት ይሆናል፣ ማማ ላይ የሚወጣ አይገኝም። በመስከረም ጠይቁ፣ በበጋው ስቀሉ።

አሮጌው ሲወርድ ለቆርቆሮ ያለሽ ከመሸጡ በፊት በመጋዝ ሰንጥቃችሁ ውሃው በየት እንደገባ እዩ። አዲሱ እዚያው ቦታ ነውና የሚሰቀለው። በመጀመሪያው ቀን የለካችሁትን ስዊፕ (የአናላይዘሩን ግራፍ) አትማችሁ ማሠራጫ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፋይሉን በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።